የደም ክፍሉ ሦስት የይለፍ ቃሎች

ሉዲቪና ቱፓስ ኢሎይሎ ከተማ ውስጥ ወንዙ ዳር ባለው ሆስፒታል ስትቀጠር ገና ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር። ከታይፕ ትምህርት ቤቱ ተመራቂዎች ሁሉ ጣቷ ፈጣን ነው ተብላ ነው የመጣችው። ከዚያ ወዲህ በላቦራቶሪው ጥግ፣ በአንዲት የእንጨት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ የደም ዓይነት፣ የሽንት ውጤት፣ የሞት ማስረጃ ስትጽፍ ኖረች። አላገባችም። እናቷን አስታማ ቀበረች፤ የወንድሟን ሁለት ሴት ልጆች አስተማረች፤ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መዘምራን ጋር ትቆማለች። ስትናደድ ድምፅዋ ይወርዳል እንጂ አይወጣም። ስሟን አሳጥረው “ናንግ ቪና”፣ እትዬ ቪና እንደማለት፣ የሚሏት ነርሶች አዲስ ለሚመጣ ሰው ሁሉ፣ “ናንግ ቪና ማንሾካሾክ ከጀመረች ጫማህን ይዘህ ሩጥ” ብለው ይመክሩ ነበር።

በፈረንጆቹ 1999 አንድ የተዘጋ ባንክ ስድስት አሮጌ ኮምፒውተሮች ለሆስፒታሉ ለገሰ። ኪቦርዳቸው እንደ አጫሽ ጥርስ የበለዘ፣ ስክሪናቸው እስኪበራ ድረስ ሰው ምሳውን በልቶ የሚመለስባቸው ነበሩ። መስመሩን የዘረጋው ኢንጂነር ሮዴል ሀውቴያ የሚባል ሰው ነው፤ በወር አንድ ቀን ከዋናው የጤና ቢሮ ይመጣል፣ አይቶ ይሄዳል። ሁለት ዓመት ያህል እንደተሠራባቸው ከደም ክፍሉ ጥቂት ከረጢቶች ጠፉ። መዝገቡ ሲታይ አንድ ሰው ኮምፒውተሩ ላይ ገብቶ ቁጥሩን አጥፍቶታል፤ ማን እንደሆነ ሳይታወቅ ቀረ። ሮዴል ከዚያ በኋላ ቁልፍ በቁልፍ ላይ ደረበ። ማሽኑ ሲበራ አንድ የይለፍ ቃል፣ ኔትወርኩ ላይ ለመግባት ሌላ የይለፍ ቃል፣ የደም መዝገቡን ለመክፈት ደግሞ ሦስተኛ። ሦስቱም የተለያዩ ናቸው፤ በየወሩም ይቀየራሉ።

በዚህ ነገር እንደ ክሪስፑሎ ጋሌጎ የተሰቃየ የለም። ማኖንግ ፑሎንግ፣ ሲያጥርም ኖንግ፣ ይሉታል፤ ጋሼ እንደማለት ነው፤ የላቦራቶሪው አንጋፋ ቴክኒሻን ነው። ከቪና ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ሃያ ዓመት አብረው ሠርተዋል። ደም ስር የጠፋበትን ሕፃን ክንድ በጣቱ ዳስሶ የሚያገኝ ሰው፣ ኪቦርድ ላይ ሲደርስ ጣቱ ሁሉ አውራ ጣት ይሆንበታል።

“ይቺ ሳጥን ቁርጥ አማቴን ናት” ይላል። “ገና በሩ ላይ ‘ማነህ? ከየት መጣህ? ምን ይዘህ መጣህ?’ ብላ ታቆምሃለች። መልሰህ ስትጨርስ ‘አላውቅህም’ ትልሃለች።”

ቪና በምሳ ሰዓት የማሽኑን መመሪያ እያገላበጠች ብዙ ነገር ተምራ ነበር። አንድ ቀን ኔትወርኩ የይለፍ ቃል በሚጠይቅበት ሁለተኛው መስኮት ላይ፣ “ሰርዝ” የሚለውን ቁልፍ የተጫነ ሰው ማሽኑ ውስጥ ዝም ብሎ እንደሚገባ አየች። ይገባል፤ ነገር ግን ከዋናው ኮምፒውተር ተቆርጦ ነው፤ የዕለቱን መዝገብ አያገኝም። ሰዎቹ በር ላይ ቆመው ሲለማመጡ ማየት አንጀቷን ስለበላው፣ በየሰኞው የደም ዝርዝሩን እየገለበጠች ላቦራቶሪው ማሽን ላይ ታስቀምጥ ጀመር። ለማንም አላስፈቀደችም። ለፑሎንግ ግን ነገረችው። “ጨርሶ እንቢ ካለህ ሰርዝ በለው፤ ዝርዝሩ ውስጥ አለ” አለችው። የሰኞ መሆኑን ነግራው ይሁን ሳትነግረው፣ ኋላ ብታስበው ብታስበው ሊታወሳት አልቻለም።

በ2002 ሐምሌ አንድ ሐሙስ ቀን፣ ልክ በምሳ ሰዓት፣ የደቡብ ምዕራቡ ንፋስ ዝናቡን በጎን እየወረወረው ሳለ የላቦራቶሪው ስልክ ጮኸ። ቪና ፊርማ ልታስፈርም ፎቅ ወጥታለች። ፑሎንግ አነሳው። ከባሕሩ ማዶ፣ ከጊማራስ ደሴት፣ አንዲት ወጣት ሐኪም ናት።

“ማኖንግ፣ የወለደች ሴት አለችኝ፤ ደሟ አልቆም አለ። ኦ ኔጌቲቭ ናት። አላችሁ?”

ኦ ኔጌቲቭ በዚያ አገር ከመቶ አንድ ሰው እንኳ የለውም። ፑሎንግ ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መሃል አጣብቆ ማሽኑን አበራ። የመጀመሪያው አለፈለት። ሁለተኛው “ትክክል አይደለም” አለው። ደገመ፤ “ትክክል አይደለም።”

“ማኖንግ፣ ኧረ በማርያም! አንሶላ እየቀየርን ነው! አለ ወይስ ሌላ ቦታ ልደውል?”

ሰርዝን ተጫነው። ዝርዝሩ ተከፈተ። ኦ ኔጌቲቭ፣ ሁለት ከረጢት።

“አለ ዶክቶራ! ሁለት አለ። ላኳት!”

ስልኩ ተዘጋ። ፑሎንግ እስኪሻገሩ ጊዜ አለ ብሎ የያዘውን ምርመራ ጨረሰና ሁለቱን ከረጢቶች ሊያዘጋጅ ወደ ፍሪጁ ሄደ።

ቪና ስትመለስ የፍሪጁን በር እንደከፈተ ፊት ለፊቱ ቆሞ አገኘችው። ቅዝቃዜው በእግሩ ስር እየፈሰሰ ነው፤ አይንቀሳቀስም።

“ኖንግ፣ ምን ሆነሃል? ዝጋው እንጂ፣ ይሞቃል።”

“ኦ ኔጌቲቮቹ የት አሉ?”

“ማክሰኞ ለዚያ ከሞተር ብስክሌት ለወደቀው ልጅ ተሰጡ’ኮ። አንተ ራስህ አይደለህም እንዴ ያወጣሃቸው?”

ፑሎንግ ፊቱን አዞረ፤ ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። “ዝርዝሩ ሁለት አለ ሲለኝ ሌላ የመጣ መስሎኝ” አለ። “ላኳት አልኩ፤ ቪና፣ ላኳት አልኳቸው።”

ቪና ስክሪኑን አየችው። የራሷን የሰኞ ቅጂ። ስልኩን አንስታ ወደ ደሴቱ ደወለች።

“ወጥተዋል” አለች ነርሷ። “ጀልባው ከተነሳ አስር ደቂቃ ሆነው። ዶክቶራም አብራ ሄዳለች። እንዴት ነው? ተዘጋጃችሁ አይደል? ከእነሱ ኋላ ማዕበሉ በርትቶ ጉዞ ተከልክሏል፤ ሌላ ጀልባ አይነሳም።”

“እንጠብቃቸዋለን” አለች ቪና። ሌላ ምን ትበል?

ባሕሩ ጸጥ ሲል መሻገሪያው ሃያ ደቂቃ ነው፤ በዚያ ንፋስ አርባም ይሆናል። ከተማው ላይኛው ጫፍ ወዳለው ሌላ ሆስፒታል ደወለች። የደም ክፍላቸው ኃላፊ ሳል ሳል አለና፣ “ኦ ኔጌቲቭ? እኛም እናንተን ልንለምን ነበር’ኮ” አላት።

አሁን የቀራቸው ለጋሾቹ ናቸው። የለጋሾቹ ስምና ስልክ ያለው ደግሞ በሦስቱ በሮች ኋላ፣ ዋናው ኮምፒውተር ላይ ነው።

ማሽኑን አጥፍታ አበራችው። ያ አሮጌ ሳጥን እያጓራ፣ እየተንጠራራ ተነሳ። ፑሎንግ ከኋላዋ ቆሞ በለሆሳስ የማርያምን ጸሎት ይደግማል። የመጀመሪያውን ቃል ጻፈች፤ አለፈ። ሁለተኛውን ጻፈች። አዲስ መስኮት ብቅ አለ፤ “የይለፍ ቃልዎ ጊዜው አልፏል። አዲስ ያስገቡ።”

“ዛሬ?” አለች። “ዛሬ ነው የሚያልፈው?”

አዲስ ጻፈች። “አጭር ነው።” አስረዘመችው። “ቁጥር ይጨምሩ።” ቁጥር ጨመረች። “ከዚህ በፊት ተጠቅመውበታል።” ቪና የሮዴልን ደንብ ታውቀዋለች፤ አራተኛው ከተበላሸ ማሽኑ ለግማሽ ሰዓት ይቆለፋል። ሃያ አምስት ዓመት አንዲት ፊደል ሳያዛንፉ የኖሩት ጣቶቿ ኪቦርዱ ላይ ቆሙ። እጆቿን አንስታ ጭኗ ላይ አሳረፈቻቸው።

“ኖንግ፣ ጸሎቱን ተወውና የሆነ ቃል ስጠኝ። በሕይወቴ ጽፌው የማላውቀውን።”

“ምን ዓይነት ቃል?”

“ማንኛውም! ረዘም ይበል!”

“ጠላሁሽ” አለ ፑሎንግ። “ይቺን ሳጥን ጠላኋት፤ ጠላሁሽ በያት።”

በገዛ ቋንቋቸው፣ በሂሊጋይኖን፣ ጠላሁሽ ብላ ጻፈች፤ መጨረሻው ላይ የዕለቱን ቀን ጨመረችበት። “ያረጋግጡ” ሲላት ፊደሎቹን አንድ በአንድ፣ ፊደል እንደሚማር ሕፃን እየጠራች ደገመችው። መስኮቱ ጠፋ። ሦስተኛው በር ላይ ትንፋሿን ይዛ አለፈች፤ መዝገቡ ተከፈተ።

በመላው ከተማ ኦ ኔጌቲቭ የሆኑ ለጋሾች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያዋ ነርስ ነበረች፤ እናቷ ስልኩን አንስተው፣ “ሪያድ ገብታለች፤ አንድ ዓመት ሆናት” አሉ። ሁለተኛው ፖሊስ ነው፤ ደም ከሰጠ አስር ሳምንቱ ነው፤ ደንቡ ሦስት ወር ይላል። ያም ሆኖ ወደ ጣቢያው ደውላ ሁኔታውን ነገረችው። “ሐኪሙ ይወስን፤ እኔ እመጣለሁ” አለ። ሦስተኛዋ ላ ፓስ ገበያ ውስጥ ባችዮይ የተባለውን የአጥንት ሾርባ የምትሸጥ ኮርዴልያ የምትባል ሴት ናት። ስልኳ ይጠራል፣ ይጠራል፣ አይነሳም።

“ሾርባ ቤት የምሳ ሰዓት ነው” አለ ፑሎንግ። “ጫጫታው መቼ ያሰማል!”

“ከእሷ ፊት ለፊት መድኃኒት ቤት አለ። ባለቤቱን ታውቀዋለህ አይደል? ደውልለት!”

ፑሎንግ ደወለ። ሰውየው መንገዱን ተሻግሮ፣ ጉልበቱ ድረስ በደረሰ ጎርፍ ውስጥ አልፎ ጠራት። ሴትዮዋ ስልኩን ስትይዝ ገና እያለከለከች ነበር።

“ማናት የምትሞተው? ዘመዴ ናት?”

“አይደለችም እትዬ። የደሴት ሴት ናት፤ አናውቃትም።”

“ድስቴን ለማን ልተወው? ...ቆይ። አንቺ ልጅ! እሳቱን ቀንሺው! ቀንሺው አልኩ! እየመጣሁ ነው።”

ጀልባው ከወደቡ ሲደርስ አምቡላንሱ እየጠበቀ ነበር። በሽተኛዋን ሲያስገቧት ቪና በኮሪደሩ ላይ አየቻት፤ ጄራልዲን የሚሏት የሃያ ስድስት ዓመት ሴት፣ ፊቷ እንደ ሰም፣ ከወገቧ በታች የተጠቀለለችበት ብርድ ልብስ በባሕር ውሃም በደምም ርሷል። ወጣቷ ሐኪም አብራት እየሮጠች፣ “ደሙ የት አለ? ደሙ!” ትጮኻለች።

“እየመጣ ነው” አለ ፑሎንግ።

“እየመጣ ነው ማለት ምን ማለት ነው? ሁለት አለ ብለኸኝ አልነበረም?”

ኮርዴልያ የገባችው በዚያች ቅጽበት ነው፤ ሽርጧን እንኳ አላወለቀችም፤ የነጭ ሽንኩርትና የአጥንት ሾርባ ሽታዋ ክፍሉን ሞላው። ክንዷን ዘረጋች። ፑሎንግ ደም ስሯን በአንድ ጊዜ አገኘው። ምርመራው፣ ማመሳከሩ፣ ሌላው ሁሉ አርባ ደቂቃ ፈጀ፤ ቪና ሰዓቱን ላለማየት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነበር። ፖሊሱም መጥቶ፣ ሐኪሞቹ ተመካክረው፣ ከእሱም አንድ ከረጢት ወሰዱ።

ወደ ማታ ገደማ ጄራልዲን ተርፋለች ተባለ። ማህፀኗ ግን ወጥቷል። ሴት ልጇ ደሴቱ ላይ፣ አያቷ ዘንድ ደህና ነች።

ሰኞ ጠዋት ቪናን፣ ፑሎንግንና ሮዴልን የሆስፒታሉ ዳይሬክተር አስጠሯቸው። ዶክተር ሶኮሮ ላሳላ ቀጭን፣ ንግግራቸው የተቆጠረ ሴት ናቸው። ሮዴልም ጸጉሩን በውሃ አስተኝቶ መጥቷል።

“ሥርዓቱ አልተሳሳተም” አለ ሮዴል። “ሥርዓቱ ከለከለ። እሱ ነው በመስኮት የገባው።”

“ማኖንግ ክሪስፑሎ፣ የሚሉት ነገር አለ?” አሉ ዳይሬክተሯ።

“ጥፋቱ የእኔ ነው” አለ ፑሎንግ። ጡረታ ሊወጣ አስራ አንድ ወር ነበር የቀረው። ጠረጴዛው ላይ የተገለበጠችው ወረቀት ጡረታውን የምታስቀር የቅጣት ደብዳቤ እንደሆነች ሁሉም ያውቃል።

“አንድ ያልገባኝ ነገር አለ” አለ ሮዴል። “ያ አሮጌ ዝርዝር እዚያ ማሽን ላይ ምን ይሠራል? እኔ አላስቀመጥኩም።”

“አላውቅም” አለ ፑሎንግ።

ቪና ቀና ብላ አየችው። እሱ ግን አላያትም፤ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ እያሽከረከረ ዓይኑን ወለሉ ላይ ተክሏል። ሃያ ዓመት አብራው ስትሠራ አንድም ቀን ሲዋሽ ሰምታው አታውቅም ነበር። ዝም ብትል ማንም አያውቅም። ሁለተኛዋ የወንድሟ ልጅ ገና ኮሌጅ ናት፤ ቤቱን የያዘችው የቪና ደመወዝ ናት። ይህን ሁሉ ማሰብ የቻለችው ሮዴል አንዴ እስኪያስል ድረስ ባለው ጊዜ ነው።

“እኔ ነኝ ያስቀመጥኩት” አለች። ድምፅዋ ወርዶ ዳይሬክተሯ ወደ ፊት አዘነበሉ። “በየሰኞው እገለብጠዋለሁ። ሰርዝ በለው ያልኩትም እኔ ነኝ። ቀኑን አልጻፍኩበትም። የሰኞ ነው ብዬ ነግሬው እንደሆነ አላስታውስም።”

“ነግራኛለች” አለ ፑሎንግ ፈጠን ብሎ።

“ተው ኖንግ። አንተም አታስታውስም።”

ውጭ ጂፕኒ የሚሉት አንድ የሕዝብ ማመላለሻ ጥሩምባውን እየነፋ አለፈ።

“ለምን?” አሉ ዳይሬክተሯ።

“ዶክቶራ፣ ባለፈው ወር ብቻ ሰው አርባ አንድ ጊዜ በር ላይ ቀርቷል። እየቆጠርኩ ነበር። ድንገተኛ ክፍል ያሉት ነርሶች የይለፍ ቃሉን ፕላስተር ላይ ጽፈው ከጠረጴዛው ስር ለጥፈውታል፤ ጽዳት ሠራተኛዋ ሳትቀር በቃሏ ታውቀዋለች። ቁልፉ ሌባውን አልከለከለም፤ የከለከለው እኛን ነው። ለኢንጂነር በመጋቢት ደብዳቤ ጽፌያለሁ።”

ሁሉም ወደ ሮዴል ዞሩ። አልደረሰኝም ሊል ይችል ነበር። ፊቱን በመዳፉ አሸት አሸት አደረገና፣ “ደርሶኛል” አለ። “ታይፒስት ስለ ኔትወርክ ምን ያገባታል ብዬ ተውኩት።”

ዳይሬክተሯ ወረቀቷን ገለበጡ፤ የፑሎንግን ስምና ቅጣት ሰርዘው ሌላ ጻፉባት። ቪና ለሦስት ሳምንት ከሥራና ከደመወዝ ታገደች። ፑሎንግ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው፤ ጡረታው አልተነካም። ሮዴልም የእሱ ጥፋት የተጻፈባትን፣ ለቢሮው በእጁ የሚያደርሳትን ደብዳቤ ተቀበለ።

“እገዳሽ የሚጀምረው የሚመጣው ሰኞ ነው” አሉ ለቪና። “እስከዚያ ከሮዴል ጋር ተቀምጠሽ ያንን በር አስተካክሉት። እኔ ራሴ እሞክረዋለሁ።”

አራት ቀን ተጨቃጨቁ። ሮዴል ሌባውን ይፈራል፤ ቪና ጀልባዋን ትፈራለች። በመጨረሻ ማሽኑ ሲበራ የሚጠይቀውን አነሱት። የኔትወርኩና የደም መዝገቡ ቃል አንድ ሆነ፤ አንዴ የገባ ሰው ዳግመኛ አይጠየቅም። ሰርዝን የተጫነ ሰው ደግሞ የትም አይገባም፤ መስኮቱ ተመልሶ ፊቱ ላይ ይቆማል። ድንገተኛ ክፍልና ላቦራቶሪው ዝርዝሩን ለማየት ብቻ የሚያገለግል አንድ አጭር ቃል ተሰጣቸው፤ በእሱ ማየት እንጂ አንዲት ቁጥር መንካት አይቻልም። መለወጥ የሚፈልግ በራሱ ስም ይገባል፤ ስሙም ይመዘገባል። ቪና ከዝርዝሩ ራስ ላይ ቀኑና ሰዓቱ በትልልቅ ቀይ ፊደል እንዲወጣ አስደረገች። የሰኞ ቅጂዎቿንም አንድ በአንድ አጠፋች።

ዓርብ ዕለት ፑሎንግን አስቀመጡት። ዳይሬክተሯ የእጅ ሰዓታቸውን ይዘው ከኋላው ቆመዋል። በአንድ ጣቱ ለቅሞ ጻፈ፤ ተከፈተ። አስራ አራት ሴኮንድ።

“ሌላ አይጠይቀኝም?” አለ።

“አይጠይቅህም።”

“እርግጠኛ ናችሁ? አማቴም አንድ ቀን እንዲህ ዝም ብላ አስገብታኝ በማግስቱ ነው ያባረረችኝ።”

ሮዴል ሳቀ። ቪና መሳቅ አልሆነላትም።

በእገዳዋ ሁለተኛ ሳምንት ባሕሩ ጸጥ ሲል፣ ማንም ሳይልካት፣ አንድ ሳጥን ቢስኮቾ፣ የአገሩን ደረቅ ብስኩት፣ ይዛ ወደ ጊማራስ ተሻገረች። ጄራልዲን ቤታቸው ደጃፍ፣ የማንጎ ዛፍ ጥላ ስር፣ ሕፃኗን ታቅፋ ተቀምጣ ነበር። ቪና ማንነቷን ነገረቻት፤ ደም አለ ያለው ዝርዝር የእሷ እንደነበር፣ በባሕር ላይ ያስወጣት እሱ እንደሆነ ነገረቻት። አንዲት ቃል አላስቀረችም።

ሴትየዋ የሕፃኗን መጠቅለያ አስተካከለች። ከዚያ፣ “ሐኪሞቹ ሌላ ቦታ ደውለው ቢሆን ደም ያገኙ ነበር?” አለች።

“አላውቅም። ላይኛው ሆስፒታል አልነበረውም። ቀድመን የለም ብለን ቢሆን ግን ለጋሾቹን ቀድመን እንጠራ ነበር። አንድ ሰዓት እናተርፍ ነበር።”

“አንድ ሰዓት” አለች ጄራልዲን። ሕፃኗን ከአንዱ ክንዷ ወደ ሌላው አዛወረቻት። “ባሌ አምስት ልጅ ነበር የሚፈልገው።”

ቪና ልትነሳ ስትል የጄራልዲን እናት ከጓዳ ሩዝና የተጠበሰ ዓሣ ይዘው ወጡ።

“ተቀመጪ” አሏት ኮስተር ብለው። “ጀልባው እስኪሞላ አይነሳም። ባዶ ሆድሽን ባሕር ላይ አትወጪም።”

ቪና ተቀመጠች። አራቱም ሴቶች፣ ሕፃኗን ጨምሮ፣ ከማንጎው ጥላ ስር ቆዩ፤ ሦስቱ በሉ፣ አንዷ ተኛች።